የጥጥ ሽማግ ለዳናክል ጉዞ፦ የሚችለውና የሚሸነፍበት

አሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ፀሐይ የምትመታው ከላይ ብቻ አይደለም። ነጩ ጨው የወረደበትን ብርሃን መልሶ ወደ ላይ ይልከዋል። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ጠዋት የወጣ ሰው ከሰዓት ሲመለስ ግንባሩ ደህና ሆኖ አገጩ ሥር፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያና የጆሮው ጫፍ ተለብልቦ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ባርኔጣ ከሰማይ የሚወርደውን ይመልሳል፤ ከመሬት ለሚነሣው ግን አይደርስለትም።

ወደ ዳናክል የሚወርድ ሰው ከውኃና ከጫማ ቀጥሎ ሊያስብበት የሚገባው ዕቃ እንግዲህ ራስን፣ ፊትንና አንገትን አንድ ላይ የሚጠቀልል ጨርቅ ነው። እዚህ የምንመዝነው ዓረቦች ሽማግ የሚሉትን፣ በእኛ ገበያ ብዙ ጊዜ «የዓረብ ሻርፕ» እየተባለ የሚሸጠውን ባለ አራት ማዕዘን የጥጥ ጨርቅ ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ እውነተኛ ጥጥ ከሆነና ታጥቦም ጎኑ ከ110 ሴንቲ ሜትር ካላነሰ፣ ለዚያ አገር ከእሱ የተሻለ የራስ ጨርቅ አናውቅም። ችግሩ መርካቶም ሆነ ሎግያ እነዚህን ሁለት ነገሮች የማያሟላ ሽማግ ከሚያሟላው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ መሸጡ ነው።

ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር፤ ሌሊቱም፣ ቀዝቀዝ የሚለው ወቅትም ተደምሮ ማለት ነው። ለጉዞ የሚመረጡት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው፤ ያኔም ቀን ቀን 35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ነፋሱ የጨው ብናኝና ድቃቂ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ኤርታሌና ዳሎል ላይ ደግሞ ጋዝ አለ። ሽማግ ከፀሐይ፣ ከአሸዋና ከጉሮሮ ድርቀት ጋር ይታገላል። ከጋዙ ጋር አይታገልም፤ ወደዚያ በኋላ እንመለስበታለን፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነጥብ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ልኩ። ሽማግ የሚታሰረው በሰያፍ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ስለሆነ፣ ወሳኙ ቁጥር የጎኑ ሳይሆን የሰያፉ ርዝመት ነው። ጎኑ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ሰያፉ 141 ነው፤ የ110ሩ 155፣ የ120ው 170 ገደማ ይሆናል። ጨርቁ ግንባርን ይዞ፣ በአገጭ ሥር አልፎ፣ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ማጅራትን ዞሮ ነው ቋጠሮ ላይ የሚደርሰው። 100ው ይደርሳል፤ ግን ለቋጠሮ የሚተርፈው አንዱ ጫፍ ጣት ከማይዘው አይበልጥም፤ ነፋስ ሲነሣም መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው። ጎፈሬ፣ ሹሩባ ወይም ድሬድ ያለው ሰው ጸጉሩ ራሱ ብዙ ጨርቅ ስለሚበላ ከ120 በታች ባይገዛ ይሻላል። ሌላም አለ፦ ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ሊያጥር ይችላል። ሱቅ ውስጥ 110 የተለካው ቤት ሲደርስ 105 ሊሆን ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚነግርዎትን ልክ አይመኑ፤ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ከሌለ ጨርቁን በሰያፍ ይዘው ሁለት እጅዎን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ለአብዛኛው ሰው ሰያፉ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ከደረሰ ይበቃል።

ከሳዑዲና ከኤምሬትስ ዘመድ የሚያመጣው ሽማግ በልክ ረገድ የተሻለ ነው። እዚያ ልኩ በኢንች ይነገራል፤ 55 የሚል ካለበት ጎኑ 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው፤ ሰያፉ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጨርቁ ግን የተሠራው በጥቁር የራስ ገመድ ታስሮ ተተኩሶ ለሚለበስ አለባበስ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ስስ ነው፤ ስታርችም አለበት። ስታርቹ እስኪወጣ ሁለት ሦስቴ ካልታጠበ ላብ አይመጥም፤ አገጭንም ይፈገፍጋል።

ቀጥሎ ጥጥነቱ። ምልክቱ ላይ «100% ጥጥ» ስለተጻፈ ብቻ አይግዙ። ከዘርፉ አንድ ክር መዘው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ ቶሎ ይነድና ጣት ሲነካው የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ቅይጥ ከሆነ አመዱ ውስጥ ትናንሽ ጠጣር ፍሬ ይገኛል። ዘርፉና መሃሉ የተለያየ ክር የሆነበት ጨርቅ ስላለ ሻጩ ከፈቀደ ከቅምቅማቱ በኩልም አንድ ክር ይሞከር። የውኃ ጠብታ መፈተኛ የሚያደርጉ አሉ፤ አዲስ ጥጥ ላይ ግን ያታልላል፤ ስታርቹ ጠብታውን ያንከባልለዋልና።

ለጥጥ ይህን ያህል የምንጨነቀው በጣም ደረቅ አየር ውስጥ ውኃ የሚይዝ ጨርቅ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ጥጥ ደረቅ በሚመስልበት ጊዜ እንኳ በተለመደ አየር የክብደቱን ከመቶ 8 እጅ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ከመቶ ግማሽ እጅ አይሞላም። አፍና አፍንጫ ላይ ሲጠመጠም ከትንፋሽ የሚወጣውን እርጥበት ይዞ በሚቀጥለው ትንፋሽ ይመልሰዋል። ጉሮሮ እንደ አሸዋ የማይሻክረው፣ አፍንጫም ተሰንጥቆ የማይደማው በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት እሳት ነው። ካምፕ ውስጥ ምድጃ አጠገብ የተንጠለጠለ ጫፍ ጥጥም ቢሆን ይያዛል፤ ግን ይነዳል እንጂ አይጣበቅም። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ማንኛውንም ጨርቅ ቢያስሩ እሳት አጠገብ ሲቀርቡ ጫፎቹን ወደ ውስጥ መወተፍ ልማድ ይሁን።

ከዚያ ሽመናው። ሽማጉን በሁለት እጅ ወጥረው ከጀርባው የስልክ መብራት ያብሩ። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ በእኩል ከታየ ጥሩ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳውን እንደ ወንፊት ለይተው ካዩት አይግዙት፤ በዚያ ቀዳዳ ፀሐይም አሸዋም ያልፋል። ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ከፀሐይ የመከላከል መለኪያው (ዩፒኤፍ የሚባለው) ከ5 እስከ 7 ገደማ ነው፤ ማለትም ከሚጎዳው ጨረር ከአምስት ወይም ከሰባት አንዱ እጅ ሰንጥቆ ያልፋል። 50 የተጻፈበት የስፖርት ጨርቅ የሚያሳልፈው ከሃምሳ አንዱን ነው። ሽማግ ላይ ይህ ቁጥር አይጻፍም፤ እንዲያም ሆኖ የሚያድነው ድርብነቱ ነው። በሰያፍ ሲታጠፍ ሁለት ንብርብር ይሆናል፤ አፍንጫና ማጅራት ላይ ደግሞ ተደራርቦ ሦስትና አራት ይደርሳል። ፀሐይ አብዝታ የምትመታው እነዚህን ስለሆነ አሠራሩ ራሱ ተስማሚ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ክርክሩ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ፣ በኔጌቭ በረሃ የተሠራ ጥናት ጥቁርና ነጭ የቤዱዊን ቀሚስ አወዳድሮ ሰውየው ጋ የሚደርሰው ሙቀት እኩል መሆኑን አሳይቷል፤ ጥቁሩ የሚጨምረው ሙቀት ቆዳ ሳይደርስ በልብሱ ሥር በሚያልፈው አየር ይወሰዳልና። ይህን ሰምቶ ጥቁር ሽማግ የሚገዛ አለ። ያ ግን ሰፊና ልቅ ቀሚስ ነው፤ ራስ ላይ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ጨርቅ ሥር የሚያልፍ አየር የለም። ለጨው ሜዳው ነጣ ያለ፣ አሸዋማ ወይም ቀላል ግራጫ ይመረጣል። በጣም ነጭ የሆነው ጉንጭ ላይ ብርሃን እየመለሰ ዓይን ያስቸግራል፤ በአንድ ቀንም ይቆሽሻል። እግረ መንገዳችንን፣ እስራኤል አገር ሆናችሁ ኔጌቭና ዐረባ ለምትጓዙ፦ እዚያ ጥቁርና ነጩ ጥልፍ ከፍልስጤም፣ ቀይና ነጩ ከዮርዳኖስና ከባሕረ ሰላጤው ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ባለ አንድ ቀለሙን መውሰድ ነገር ያቀላል።

አሁን አስተሳሰሩ። ብዙ ሰው ሽማግ «አይረባም» የሚለው በትክክል ስላላሰረው ነው።

በሰያፍ ያጥፉትና ሦስት ማዕዘን ያድርጉት። የታጠፈውን ረጅም ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል እንደገና ወደ ውስጥ ይጠፉት፤ ግንባር ላይ የሚይዘው ይህ ጠንካራ ጠርዝ ነው፤ ካልታጠፈ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቅንድብ ይወርዳል። ጠርዙን ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ሦስተኛው ማዕዘን ጀርባ ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ መሃሉን ግንባር መሃል አያድርጉት። ከአምስት ሁለት እጁ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ ይውረድ። በ155ቱ ሰያፍ ሲሰላ ቀኙ 62፣ ግራው 93 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭሩን የቀኝ ጫፍ በአገጭ ሥር አሳልፈው ሳብ አድርገው ወደ ግራ ጆሮ ጀርባ ይውሰዱትና በግራ እጅ ይያዙት። ረጅሙን የግራ ጫፍ በአፍንጫ ላይ አሻግረው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በማጅራት ዞረው ወደ ግራ ይመልሱት። ሁለቱ ጫፎች ከግራ ጆሮ ኋላ ይገናኛሉ፤ እዚያው ሁለቴ ቋጥረው ትርፉን ይወትፉት።

ቋጠሮው ከጆሮ ኋላ በጎን የሚሆነው በምክንያት ነው። ማጅራት ላይ ከታሰረ መኪና ውስጥ ከመቀመጫው ራስ ማስደገፊያ ጋር እየተጋፋ አንገት ያሳምማል፤ ወደ ዳናክል ደግሞ ከእግሩ ይልቅ የላንድክሩዘሩ መንገድ ይረዝማል።

ከታሰረ በኋላ ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንድ ጣት በግንባሩ ጠርዝ ሥር በቀላሉ መግባት አለበት፤ ካልገባ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይመጣል፤ ያንን ራስ ምታት ደግሞ የውኃ ጥማት ነው ብሎ መሳሳት አለ። ሁለተኛ፣ አፍዎን ሙሉ ከፍተው ይዝጉ። ጨርቁ ከአፍንጫ ከወረደ አገጭ ሥር ያለው ልል ነው፤ አጭሩን ጫፍ እንደገና መሳብ ነው። የአፍንጫው ንብርብር ሁልጊዜ የሚንሸራተት ከሆነ በቀኝ ጆሮ በላይ በአንዲት መርፌ ቁልፍ ይያዝ። ጸጉሩ የተላጨ ወይም ለስላሳ ሰው ከሥር ስስ የጥጥ ቆብ ቢያደርግ ጨርቁ ይቆምለታል፤ ላቡንም ቆቡ ይወስደዋል።

መነጽር የሚያደርግ ሰው የጨርቁን የላይ ጠርዝ ከመነጽሩ ሥር ያስገባው እንጂ ከላይ አያድርገው። የመነጽሩ አፍንጫ ማረፊያ ጨርቁን ይጫነዋል፤ ትንፋሽ ወደ ላይ ወጥቶ መስተዋቱን አያደበዝዝም። ጆሮን በሚመለከት፣ ሁለቱም ከተሸፈኑ የሰው ድምፅ ይደፈናል። እሳተ ገሞራው አፍ ላይ መሪው «ተመለሱ» ሲል አለመስማት ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚያ ሲደርሱ ቢያንስ አንዱን ጆሮ ይክፈቱ።

ስለ ማርጠብ። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በደረቅ አየርና በነፋስ ጊዜ የረጠበ ሽማግ አንገት ላይ የሚሰጠው እፎይታ እውነተኛ ነው። ሩብ ሊትር ውኃ ማጅራቱንና የራሱን ጀርባ በደንብ ያረጥባል። አፍና አፍንጫው ላይ ያለውን ግን አያርጥቡ። እርጥብ ጨርቅ ብናኙን እንደ ጭቃ ይይዘዋል፤ ቀዳዳው ሲደፈን አየር ለመሳብ መታገል ይመጣል፤ ስስ ጥጥ ሲረጥብ ፀሐይ የመከላከል ኃይሉም ይቀንሳል። ውኃው ለመጠጥ ከተያዘው ላይ የሚቀነስ ስለሆነ ያጠረ ቀን ቅድሚያው የአፍ ነው። አፍ ላይ ያለው ክፍል በትንፋሽ ብቻ ረጥቦ ሲቆሽሽ ፈትተው ሌላውን ጫፍ ያምጡ፤ አራት ጫፍ፣ ሁለት ገጽ ስላለው አንድ ሽማግ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ቦታ አያጣም። ከሌሎቹ የሚለይበት ትልቁ ብልጫ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአሳሌን ውኃ ወይም የዳሎልን ኩሬ ለማርጠቢያ ማሰብ ፈጽሞ አይገባም። የአሳሌው ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ካርቶን ያደርቀዋል፤ ጨዉ በላብ እየሟሟ ቆዳ ይልጣል። የዳሎሉ ከዚያ የባሰ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ሆነው የሚያምሩት ኩሬዎች ብርቱ አሲድ ናቸው፤ የአሲድነት መለኪያቸው ከዜሮ በታች የተመዘገበባቸው አሉ። ጥጥ ደግሞ አሲድ አይችልም። ፎቶ ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ የሽማጉ ዘርፍ ኩሬውን ነካ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ምንም አይታይም። ጨርቁ ሲደርቅ ውኃው ይተንና አሲዱ ይቀራል፤ እየጠነከረ ክሩን ከውስጥ ይበላዋል። በማግስቱ ያ ቦታ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል፤ በጥፍር ጫር ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ከነካ እዚያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ካልተቻለ ያን ጫፍ ፊት እንዳይነካ ወደ ውጭ አዙሮ ማሰር ነው። እዚህ ላይ ብቻ ፖሊስተር ጥጥን ይበልጠዋል፤ አሲድን በደንብ ይቋቋማልና። ዳሎል ጉብታው ላይ ስትወጡ ዘርፉን ሁሉ ወደ ውስጥ መወተፍ ግን ሁለት ጨርቅ ከመያዝ ይቀላል።

ወደ ጋዙ እንመለስ። ኤርታሌ ላይ የሚወጣው ጭስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አለበት። ይህ አየር ነው፤ ብናኝ አይደለም፤ በማንኛውም ሽመና ውስጥ ያልፋል። «ሻርፑን አርጥበህ አፍህ ላይ አድርግ» የሚለው ምክር ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ቢሆንም ልክ አይደለም። ጥቂቱ ጋዝ ውኃው ውስጥ ሟምቶ አሲድ ይሆንና ከንፈር ላይ ይቆያል፤ የቀረው አልፎ ሳንባ ይገባል፤ ሰውየው ግን የተጠበቀ መስሎት ይቆያል። የሚረዳው ቢጫ ምልክት ያለበት (በአውሮፓ አሠራር «ኢ» የሚባል) ወይም ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኬ አንድ ላይ የተጻፈበት ማጣሪያ የተገጠመለት የጋዝ ጭምብል ነው። ጢም ያለው ሰው ጭምብሉ ከቆዳ ጋር ስለማይገጥምለት ያንንም አይመካበት። ጉሮሮ ሲከረክርና ሳል ሲጀምር ነፋሱ ከጀርባ ወደሚመጣበት ጎን መዞር፣ ካልሆነ መውረድ ነው። አስም ያለበት ሰው ሽማግን ተማምኖ ወደ አፋፉ አይጠጋ፤ ይህ ጋዝ የአየር ቧንቧን የሚያጠብበው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ለእሳተ ገሞራ አመድም ብቻውን አይበቃም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሄዷል፤ አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮችን ደግሞ አልብሷል። አመድ የደቀቀ ድንጋይና ብርጭቆ ነው፤ ሽማግ ትልልቁን ይይዛል፣ ደቃቁን ያሳልፋል። ሁለት ሦስት ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 ማስክ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ማስኩ ከሥር፣ ሽማጉ ከላይ ሲሆን ማስኩም ቶሎ አይቆሽሽም።

አማራጮቹን ባጭሩ እንያቸው። ነጠላ የራሳችን ስለሆነና ጥጥነቱ ስለማያጠራጥር ብዙ ሰው ይዞት ይወርዳል። ልስላሴው ግሩም ነው፤ ሌሊት ኤርታሌ አፋፍ ላይ ነፋስ ሲነሣ እንደ ሽማግ ሁሉ ያለብሳል። ግን ሽመናው ሳሳ ያለ ነው፤ በመብራት ፈተናው ይወድቃል። ለፀሐይ እንዲሆን ከአራት በላይ መደረብ አለበት፤ ያኔ ደግሞ ይከብዳል፣ ስፋቱም ቋጠሮ አይይዝም። በእጅ የተፈተለው ማግ ከሻካራ ነገር ጋር ሲፋቅ ይሳሳል። የሠርግ ነጠላ ለዚህ አይባክን።

ባፍ የሚባለው፣ አንገት ላይ የሚጠልቀው ቱቦ መሳይ ጨርቅ፣ ክብደት የለውም፤ ማሰር አያስፈልገውም፤ አይወርድም። ሞተር ሳይክል ለሚነዳና ሄልሜት ለሚያደርግ ከሽማግ ይሻላል። ድክመቱ ፊት ላይ ተወጥሮ መለጠፉ ነው። 50 የሚለው መለኪያ ሳይወጠር የተለካ ሊሆን ይችላል፤ ሲወጠር ቀዳዳው ይከፈታል፣ መከላከሉ ይቀንሳል። በላብ ሲረጥብ አፍ ላይ እየተጠባ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማዞር ቢፈልጉም የሚያዞሩት ብዙ ፊት የለውም። እንደ ተጠባባቂ አንድ መያዙ ጥሩ ነው፤ ዋና አድርጎ መውረድን ግን አንመክርም።

ረጅሙ ጥምጥም፣ ሱዳኖች የሚጠመጥሙት ነጩ ወይም የሰሃራ ቱዋሬጎች ብዙ ሜትር የሚረዝመው፣ በነፋስ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። አየር በንብርብሮቹ መሃል ስለሚታሰር ሙቀት ይከላከላል። ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ነፋስ ውስጥ ቢፈታ እንደገና ለመጠምጠም ሌላ ሰው ያሻል። ለሦስትና አራት ቀን ጉዞ ለሚመጣ ጀማሪ አይደለም።

ሽማግ የራሱ ጉድለት አለው፤ አንዱ ጥልፉ ነው። ያ ከፍ ከፍ ያለው ጌጥ ከመሠረቱ ሽመና ላይ የተንሳፈፈ ክር ስለሆነ በቀላሉ ይመዘዛል። አፋር ውስጥ ደግሞ መንገዱን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው ቁጥቋጦ እሾሁ ረጅም ነው፤ በጎኑ ሲያልፉ አንድ ክር ይይዝና እስከ መሃል ይስበዋል። የተመዘዘውን አይቁረጡት፤ በመርፌ ወደ ውስጥ ገጽ ያሳልፉት። የቦርሳ ማጣበቂያ ቬልክሮም እንደ እሾሁ ነው። ጥልፍ አልባው ሜዳ ሽመና ያለበት ካጋጠመ ይሄ ችግር አይኖርም፤ ለጉዞ ብቻ የሚገዛ ሰው እሱን ይምረጥ። ዘርፉም በዚፕ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ዘርፉን ለመገላገል የጨርቁን ጠርዝ መቁረጥ የለበትም፤ ቅምቅማት ከሌለው ከዚያ ወዲያ መፈታት ነው። ሲገዙም ጠርዙን ይዩት፤ ዘርፍ በሌለበት በኩል ታጥፎ ካልተሰፋ ሦስት እጥበት አይቆይም።

ሽማጉ ለሌላም ይሆናል። በሰያፍ የታጠፈው 110ሩ ልኩ ከሕክምና ሦስት ማዕዘን ፋሻ ጋር ስለሚቀራረብ የተጎዳ ክንድ ይሸከማል። ሙቀት የመታው ሰው ሲያጋጥም ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው የራሱን ጥምጥም መፍታት ነው፤ ከዚያ ጨርቁን አርጥቦ አንገቱና ብብቱ ላይ ማድረግና ማራገብ። ሰው እየተንገዳገደና እየቀባጠረ ፊቱን ሸፍኖ መተው አደገኛ ነው፤ የተሸፈነ ፊት መቅላቱም፣ ላብ ማቆሙም አይታይም።

አንድ የአክብሮት ነገር አለ። አፋር ውስጥ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ ቆሞ ይነጋገራል። ያን ጊዜ ጨርቁን ከአፍና ከአፍንጫ ወደ አገጭ ማውረድ ይገባል። ኬላ ላይም እንዲሁ፤ ሳይጠየቁ ፊትን መግለጥ ጊዜም ይቆጥባል። ከላይ በተነገረው መንገድ የታሰረ ሽማግ የአፍንጫው ንብርብር ብቻውን ወደ ታች ስለሚወርድ ቋጠሮ መፍታት አያስፈልግም።

ከመውረድ በፊት ሁለት ጊዜ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ቀይና ጥቁሩ ቀለም ይለቃል። ኮምጣጤ ወይም ጨው መጨመር ቀለሙን አያስይዘውም፤ ውኃው እስኪጠራ ማጠብ ብቻ ነው። ጨርቅ ማለስለሻ አይጨመርበት፤ ክሩን ሸፍኖ ውኃ እንዳይመጥ ያደርገዋል። በጉዞ ላይ ማታ ማታ መጀመሪያ ደረቁን አርገፍግፈው ጨዉን ያስወጡ፤ ከዚያ አንድ ሊትር ውኃ ለሁለት ከፍለው በግማሹ ይዘፍዝፉ፣ በግማሹ ያለቅልቁ፤ ሳሙና አያስፈልግም። ጥላ ላይ ወይም ሌሊት ይሰጣ፤ በዚያ አየር እስኪነጋ ይደርቃል። ሁለት ሽማግ ይዞ የወረደ ሰው አንዱን እያጠበ አንዱን ያስራል፤ ከተመለሰም በኋላ ሁለቱንም በመብራት ፊት ወጥሮ አሲድ የበላው ቦታ እንዳለ ይፈትሻል፤ ከተገኘ ያ ጨርቅ ለሚቀጥለው ጉዞ አይወጣም።